ተጠርታ አልቀረበችም

አጎቴን የሚያውቀው ሁሉ «ጥሩምባ» ነው የሚለው። የመዝገብ ስሙን እኔ ራሴ ያወቅሁት አድጌ ነው፤ እሱም ስለማይጠቀምበት ሳይረሳው አልቀረም። ሥራው ፍርድ ቤት ባለጉዳይ መጥራት ነው። ዳኛዋ መዝገብ ሲያነሡ ወጣ ብሎ የአመልካችንና የተጠሪን ስም ይጠራል። የሰማ ይገባል፤ ያልገባው ላይ «ተጠርቶ አልቀረበም» ተብሎ ይጻፍና መዝገቡ ይዘጋል። ቀላል ሥራ ይመስላል። እሱ ፊት ግን «ቀላል» የምትለዋን ቃል እንዳትደፍሯት፤ ምሳችሁን ሳትቀምሱ ታመሻላችሁ።

እኔ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቤት ስል እንዳትታለሉ፤ ማሽኑና እኔ ከገባን በኋላ ሌላ ሰው በጎኑ ካልሆነ አይቆምም። ደንበኞቼ ባለጉዳዮች ናቸው። ባለጉዳይ ደግሞ ሲጨንቀው ያወራል፤ ስለዚህ የከተማውን የፍቺ፣ የድንበርና የውርስ ወሬ ሳልፈልገው እሰማለሁ። ሳልፈልገው ማለቴ እንኳ ውሸት ነው። እፈልገዋለሁ።

የፍርድ ቤቱ ሕንጻ አሮጌ ነው። ችሎቱ ፎቅ ላይ፣ ከፊቱ ጠባብ ኮሪደር፣ ኮሪደሩ ላይ አንድ እግሩ በጡብ የተተካ አግዳሚ ወንበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ እዚያ መቀመጥ ራሱን የቻለ ቅጣት ስለሆነ ሰው ሁሉ ወርዶ ግቢው ውስጥ ያለው ትልቅ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ደንቡ የሚለው ባለጉዳይ በችሎቱ በር ላይ ሦስት ጊዜ ይጠራ ነው። አጎቴ ማንንም ሳያስፈቅድ ደንቡን አሻሻለው፤ አንዴ በሩ ላይ፣ አንዴ ደረጃው አናት ላይ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ኮሪደሩ መጨረሻ ካለው መስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ። ያቺ ሦስተኛዋ ጥሪ ግቢውን አልፋ፣ መንገዱን ተሻግራ እኔ ጋ ትደርሳለች። አጠገቤ ያለው ሻይ ቤት የሚቀመጡት ጠበቆች እሷን ሲሰሙ ነው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው የሚሮጡት።

«ማነው መስኮት ላይ ውጣ ያለህ?» ብዬ ጠይቄው ነበር አንድ ቀን።

«ማንም። ሰውየው ታች ተቀምጦ እኔ ላይ በር ላይ ብጮህ፣ በሩን ነው እንዴ የምጠራው?»

ዓመት ዓመትን ሲተካ ይህ የእሱ ፈጠራ የግቢው ሕግ ሆነ። አዲስ ባለጉዳይ መጥታ ፎቅ ለፎቅ ስትንከራተት ነባሮቹ «ምን ያስቸኩልሻል፣ እዚህ ጥላው ሥር ቁጭ በይ፣ ጥሩምባ ይጠራሻል» ይሏታል። እሱም ይህን ሲሰማ ደረቱ አንድ ክንድ ይሰፋል። ከዚያ ቤት መጥቶ ለአክስቴ ይነግራታል፤ አክስቴ «ሰማን» ትለዋለች፤ እሱ እንደገና ይነግራታል።

ታዲያ ጥርሱ ወለቀ። ባንድ ጊዜ አይደለም፤ የፊቶቹ ተራ በተራ ተሰናበቱት። ድምፁ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም በክፍተቱ ነፋስ ሲያልፍ ትንሽ ፉጨት ጨመረበት። ችግሩ የመጣው የልጁ ሠርግ ሲቃረብ ነው።

«አባዬ፣ ፎቶ ላይ አፍህን ዘግተህ ልትቆም ነው?» አለችው ሙሽሪት። «አማቾቼ አኩርፏል ይላሉ እኮ!»

ልጁ ጠይቃው እምቢ ያለበት ቀን የለም፤ ሄዶ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገባ። ጥርስ ሐኪሙ «እስኪለምድዎት ድረስ ጠንካራ ነገር አይብሉ፣ ደግሞ አይጩሁ» አለው። ጥሩምባን አትነፋ እንደ ማለት ነው። በዚያው ቀን እቤት ፊቱን ሲታጠብ «ሳሙና አቀብሉኝ!» ብሎ ቢጣራ የላይኛው ጥርስ ተወርውሮ ሳፋው ውስጥ ገባ። አክስቴ እስከ ዛሬ ስታወራው እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። እሱ አልሳቀም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሱ አፍ ግን ሲያመልጥ ቤተሰቡ በሙሉ አየው።

በማግስቱ ሥራ ገባ። የመጀመሪያውን መዝገብ ሊጠራ መስኮቱ ጋ ሄደ፣ ወገቡን አወጣ፣ አፉን ከፈተ። ጥርሱ ነቅነቅ አለ። በምላሱ ቀለብ አደረገው። ከታች ግቢ ሙሉ ሰው አንጋጦ ያየዋል። ጥርሱ ከፎቅ ወርዶ ባለጉዳዮቹ መሐል ሲያርፍ፣ አንዱ ጠበቃ አንሥቶ «የማን ነው?» ሲል፣ ያን ያህል ዘመን በተከበረበት ግቢ መሳቂያ ሲሆን ታየው። አፉን ገጥሞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያሉትን መዝገቦች በሙሉ በሩ ላይ ቆሞ፣ ከንፈሩን ሰብስቦ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብሎ ሦስት ሦስት ጊዜ ጠራ። ልክ እንደ ደንቡ። አብዛኞቹ ባለጉዳዮች በዕድል ኮሪደሩ ላይ ነበሩና ገቡ። ልብስ ሰፊዋ ግን አልነበረችም።

ልብስ ሰፊዋን የሰፈሩ ሰው በሙሉ ያውቃታል፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ ናት። እህቷ ስትሞት የተወችላትን ሕፃን በጨርቅ ቁርጥራጭ መሐል አሳደገቻት። ልጅቷ አሁን አንደኛ ክፍል ገብታለች። አባትየው ቀደም ብሎ ነው የሞተው። ሌላ ከተማ የሚኖረው የአባትየው ወንድም «የወንድሜን ልጅ እኔ ላሳድግ» ብሎ ሲመጣ፣ ልብስ ሰፊዋ በሕግ ሞግዚት ልሁን ብላ አመለከተች። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ልዋሽበት አልችልም፤ ቤቱም ሰፊ ነው አሉ። ግን ልጅቷ «እማ» የምትለው እሷን ነው። ውሳኔ እስኪሰጥ ልጅቷ እሷው ዘንድ ትቆይ የሚል ጊዜያዊ ትእዛዝ ነበር። መዝገቡ ከተዘጋ ትእዛዙም አብሮት ይሻራል።

የቀጠሮዋ ቀን በጠዋት ከሁሉም ቀድማ መጥታ ዛፉ ሥር ስትቀመጥ በዓይኔ አይቻታለሁ። ሰው ተነሥቶ ሰው ሲተካ እሷ አልተነቃነቀችም። ግቢው ለምሳ ሲበተን ግራ ገብቷት ፎቅ ወጣች።

«ጋሼ፣ የኔ ተራ አልደረሰም?»

«ተጠርተሽ ነበር እኮ» አላት አጎቴ።

«መቼ?»

«ጠዋት። ሦስት ጊዜ።»

መዝገቡ ላይ «ተጠርታ አልቀረበችም» ተብሎ ተጽፎ አልቋል። ብዙም ሳይቆይ የልጅቷ አጎት ከጠበቃው ጋር መጣ፤ ሳይጮህ፣ ሳይገፋ፣ በሰላምታ ልጅቷን ከነቦርሳዋ ወሰዳት። የሚጮህ ሰው ቢሆን እኮ ጎረቤት ወጥቶ ያግዛታል። ሕግ በእጁ ይዞ በትሕትና የመጣን ሰው ማን ምን ይለዋል?

እኔ ወሬውን እንደሰማሁ አጎቴ ጋ ሄድኩ።

«አንተ፣ ያን ቀን ድምፅህ እኔ ጋ አልደረሰም እኮ።»

«ማሽኑ ጆሮሽን አደንቁሮት ነው።»

«ከመስኮቱ ጠርተሃታል?»

«ደንቡ በሩ ላይ ነው የሚለው። በሩ ላይ ጠርቻለሁ። ግዴታዬን ተወጥቻለሁ።» ይህን ሲል ጥርሱን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ እየገፋ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

እኔም አፌ አያርፍምና «ደንቡን ደግሞ መቼ ነው የወደድከው?» አልኩት። በዚህች ጥያቄ ኩርፊያ ገዛሁ። ሠርጉ ላይ እንኳ ሰላም ያለኝ ሰው ስለሚያይ ነው። ፎቶውን ተነሣ፣ ጥርሱም አማረበት፤ ንግግር አድርግ ሲባል ግን «ተባረኩ» ብሎ ቁጭ አለ። ጥሩምባ በልጁ ሠርግ በአንዲት ቃል ቁጭ! ሙሽራዋ ሳትቀር «አባዬን አሞታል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ጥርሱ ነው አልኳት።

ከሠርጉ በኋላ ባለው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ እኔ ጋ አንድ ወረቀት ልታባዛ መጣች። የተዘጋው መዝገብ ይከፈትልኝ ብላ ልታመለክት ነው። እንዲከፈትላት ደግሞ ለምን እንደቀረች በቂ ምክንያት ማቅረብ አለባት።

«ጆሮዬን አስመርምሬ መጣሁ» አለችኝ።

«ምነው፣ ምን ሆነሽ?»

«ጋሼ ጥሩምባ መጥራታቸውማ አይቀርም። እሳቸው ሳይጠሩ ሰው አያስቀሩም። ታዲያ ካልሰማሁ ጆሮዬ ነዋ! የስፌት መኪናው አደንቁሮኝ ይሆናል ብዬ ሄድኩ።»

«እሺ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ጆሮሽ ከእኔ ጆሮ ይሻላል አለኝ።» ይህን ብላ ሳቅ ሞከራት፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። «እስቲ አሁን ምን ልበል? ደንቁሬ ቢሆን ምክንያት ይሆነኝ ነበር። እንግዲህ እንቅልፍ ወስዶኝ ነዋ። የልጄ ቀጠሮ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ጥፋቱን ራሷ ላይ ስትፈልግ ከርማለች፤ ጥፋቱ ግን እዚያ ማዶ፣ ፎቁ ላይ፣ ከንፈሩን ሰብስቦ ቆሟል። ደሜ ፈላ። ማሽኑን እንኳ ሳላጠፋ መንገዱን ተሻግሬ ወጣሁ። አጎቴ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ እየነከረ ያኝካል። ኩርፊያችንን ረስቼ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ጆሮውን፣ ሐኪሙን፣ እንቅልፉን።

ዳቦውን አስቀመጠ።

«እኔን አልጠረጠረችኝም?»

«አንተን? እሳቸው ሳይጠሩ ሰው አያስቀሩም ነው የምትለው።»

«አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀን እንኳ።»

ሻዩ ቀዘቀዘ። «መጥታ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ደግሞ «ለማመልከቻዋ ምስክር ያስፈልጋታል። እኔን ትቁጠረኝ በያት» አለ።

ይህን ለልብስ ሰፊዋ ስነግራት ደነገጠች። «ምን ብለው ነው የሚመሰክሩልኝ?» አለች። እሱን ከሱ ከራሱ ትስማው ብዬ ዝም አልኳት። አንዳንድ ነገር ባለቤቱ ቢናገረው ነው የሚያምር።

ማመልከቻው በተሰማበት ቀን ሱቄን ዘግቼ ፎቅ ወጣሁ። አጎቴ ምስክር ስለሆነ ያን ቀን መጥራት አይችልም፤ መዝገብ ቤት የምትሠራዋ ሴትዮ በሱ ቦታ ወጥታ ምስክሩን በመዝገብ ስሙ ጠራች። ማንም አልተነሣም። ደግማ ጠራች። አጎቴ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ሰውዬ የት ሄዶ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ። «እንዲህ ያለውን ነበር መቅጣት።»

በክርኔ ጎሸምኩት። «አንተን እኮ ነው!»

ጥሩምባ ራሱ ተጠርቶ ሊቀር ለጥቂት ተረፈ። ደንገጥ ብሎ ገባና ማለ፤ እኔም ተከትዬው ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዳኛዋ ወጣት ናቸው፤ ቃል አያባክኑም።

«ያን ቀን አመልካችን ጠርተዋል?»

«ጠርቻለሁ።»

«የት ሆነው?»

«በሩ ላይ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት።»

«ደንቡም የሚለው ይህንኑ ነው። ታዲያ ምን ሊመሰክሩ መጡ?»

«ግዴታዬን አለመወጣቴን።»

የልጅቷ አጎት ጠበቃ ብድግ አለ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሩ ከትሕትናቸው የተነሣ ራሳቸውን እየበደሉ ነው። እኚህ ሰው ዘመናቸውን በሙሉ ያለ እንከን ያገለገሉ፣ የዚህ ፍርድ ቤት ምሰሶ የሆኑ፣ ደንብ አክባሪ...» እያለ ደረደረው። አጎቴን በሕይወቱ እንዲህ ያሞገሰው የለም። ሌላ ቀን ቢሆን ያን ጠበቃ አቅፎ ይስመው፣ ቤት ወስዶም ለአክስቴ ድገምላት ይለው ነበር። አሁን ግን እያንዳንዷ ሙገሳ ልብስ ሰፊዋን ከልጇ አንድ እርምጃ ታርቃት ነበርና ፊቱ ጠቆረ።

«ምስክር፣» አሉ ዳኛዋ፣ «ሥራዎን በደንቡ መሠረት ሠርተዋል። ጥፋትዎ ምኑ ላይ ነው?»

አጎቴ ወደ ጠበቃው ዞረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ተራዎን የሚጠብቁት የት ሆነው ነው?»

ጠበቃውን ሳል ያዘው። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ከጉዳዩ ጋር ምንም...»

«እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ» አሉ ዳኛዋ።

«ሻይ ቤት ነው» አለ ጠበቃው። ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ።

«እዚያ ሆነው ማን ይጠራዎታል?»

«እርስዎ... ከመስኮቱ።»

«ይኸው» አለ አጎቴ። «ደንቡ በሩ ላይ ይላል፣ አልክድም። ሰዉ ግን በሩ ላይ የለም፣ ዛፉ ሥር ነው። ዛፉ ሥር ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ከመስኮት ስጣራ ሰዉ አመነኝና ወርዶ ተቀመጠ። ካስቀመጥኳት በኋላ ተመልሼ በሩ ላይ ባንሾካሹክ ደንቡን ጠብቄያለሁ፤ ሴትየዋን ግን ጥያታለሁ። መዝገቡ ተጠርታ አልቀረበችም ይላል። ቀርባ ነበር። አልተጠራችም እንጂ።»

«ያን ቀን ከመስኮቱ ያልጠሩት ለምንድን ነው?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አጎቴ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ጥርሴ አዲስ ነው። ስጮህ ወድቆ ሰው እንዳይስቅብኝ ፈርቼ ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌላው ተከተለ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱ፤ እሳቸውም ግን ለጥቂት ጊዜ ቀና አላሉም። አጎቴ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ቆመ፤ ከሳቁ ግን አልሸሸም። ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልሳቀችም። ቀስ ብላ ሲገባት አየኋት። ፊቷ ላይ ምስጋና አልነበረም፤ ንዴት ነበር፣ ይገባታልም።

ዳኛዋ ብዙ አላቆዩንም። ባለጉዳይ የፍርድ ቤቱን ሠራተኛ የዘወትር አሠራር አምና መጠበቋ በቂ ምክንያት ነው ብለው መዝገቡን ከፈቱት። ጊዜያዊ ትእዛዙም ተመለሰ፤ ልጅቷ ውሳኔ እስኪሰጥ ወደ አክስቷ ትምጣ ተባለ። ለአጎቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። አክስቴ «ደንብ አክብሮ የተቀጣ ሰው ካንተ በፊት አላውቅም» አለችው።

ከችሎት ስንወጣ ልብስ ሰፊዋ ፊቱ ቆመች።

«ጆሮዬን እኮ አስመረመርኩ፣ ጋሼ።»

«ሰማሁ፣ ልጄ።»

«ልጅቷ እስክትመጣልኝ ድረስ አላናግርዎትም።»

«ልክ ነሽ» አላት።

ልጅቷ የምትመጣበት ቀን አውቶቡስ ተራ አብሬያት ሄድኩ። አጎቴ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ከትኬት መቁረጫው አጠገብ፣ ራቅ ብሎ ቆመ። አውቶቡሱ ገባ፤ የልጅቷ አጎት እጇን ይዞ አወረዳት፣ አስረከበንና ሻንጣ ሊያወርድ ወደ ኋላ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ዘረጋች። እኔ ልጅቷ ሮጣ ስትጠመጠምባት ለማየት ተዘጋጅቼ መሐረቤን ሁሉ አውጥቻለሁ። ልጅቷ ግን አልሮጠችም። የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ይዛ ባለችበት ቆመች።

«ለምን አልመጣሽም?» አለቻት።

«የት፣ የኔ ሆድ?»

«ፍርድ ቤት። ስትጠሪ አልመጣሽም አሉኝ። አልፈልጋትም ብለሽ ነው?»

የልብስ ሰፊዋ እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ልጅቷን ማንም አልዋሻትም እኮ፤ መዝገቡ ላይ ያለውን ነው የነገሯት። ዳኛዋ መዝገቡን አቃኑት፤ ይህቺን ግን ማንም አላቃናትም ነበር። እኔም መሐረቤን መልሼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

አጎቴ መቼ እንደደረሰ አላየሁም። ልጅቷ ፊት ጉልበቱ እየተንቋቋ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«መጥታ ነበር» አላት። «ከሰው ሁሉ ቀድማ መጥታ ነበር። እኔ ነኝ ያልጠራኋት።»

ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ለምን አልጠሯትም?»

በችሎት ፊት ያን ሁሉ የተናገረ ሰው አንዲት ቃል ብቻ ወጣችው። «ፈርቼ።»

ልጅቷ አሰበችበት።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለችው። ከዚያ አልፋው ሄዳ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ ፊቷን የአክስቷ ቀሚስ ውስጥ ቀበረች።

አጎቴ እንደተቀመጠ ቀረ። መንገደኛ እየዞረው ያልፋል፣ ሾፌሩ ከኋላው ጥሩምባ ይነፋል፤ እሱ አይሰማም። ልብስ ሰፊዋ ልጅቷን አቅፋ ብዙ ከቆየች በኋላ በልጅቷ አናት ላይ አሻግራ አየችው።

«ይነሡ እንጂ ጋሼ፣» አለችው፣ «መሬቱ ይቀዘቅዝዎታል።»